የሾፌሩ ኤርባግ ኮድ ሲወጣ ብልሽቱን ከየት እንፈልገው?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለፍሬን ሸራ ወይም ለዘይት ቅያሪ ወደ ጋራዥ ከሚገቡ መኪኖች መካከል፣ ዳሽቦርዳቸው ላይ የኤርባግ መብራት እንደበራ የሚመጡት ጥቂት አይደሉም። ባለመኪናው ስለ መብራቱ ሲጠየቅ «ከገዛሁት ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ መኪናው ግን ምንም አልሆነ» ብሎ ያልፈዋል። በእርግጥም ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ይገባል፣ ፍሬኑ ይይዛል። የኤርባግ ብልሽት ከሌላው ብልሽት የሚለየው በዚሁ ነው፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ግጭት በደረሰ ቅጽበት ብቻ ስለሆነ፣ እስከዚያው ድረስ ከዚያ መብራት በቀር የሚናገር ምልክት የለውም። መብራቱ ለምን እንደሚበራ፣ የሚወጣው ኮድ (ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር) ምን እንደሚል፣ ከዚያም በላይ ምን እንደማይል መካኒኩ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን የሚያወጣው ባለመኪናም ሊያውቀው ይገባል።

የሾፌር ኤርባግ ሲባል በመሪው መሃል፣ ከክላክሱ ሽፋን ስር ተጣጥፎ የተቀመጠው ከረጢት ብቻ አይደለም። ከከረጢቱ ጀርባ ጋዝ የሚያመነጭ ኬሚካል የታጨቀበት የብረት ጣሳ አለ፤ በጣሳው ውስጥም ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ግሎ ኬሚካሉን የሚለኩስ ማቀጣጠያ ይገኛል። ትእዛዙን የሚሰጠው የኤርባግ ኮምፒውተር በብዙ መኪኖች ላይ ከማርሹ አካባቢ፣ ከኮንሶሉ ስር ወለሉ ላይ በቡሎን ታስሯል። ኮምፒውተሩንና ማቀጣጠያውን የሚያገናኘው ሽቦ ከዳሽቦርዱ ስር አልፎ ወደ መሪው ዘንግ ይወጣል፤ ከዚያም ቋሚውን የመኪናውን ክፍል ከሚሽከረከረው መሪ ጋር በሚያገናኘው ስፓይራል ኬብል በኩል ከረጢቱ ጋ ይደርሳል። ከባድ የፊት ለፊት ግጭት ሲደርስ፣ ግጭቱ ከጀመረበት ቅጽበት አንስቶ ከረጢቱ እስኪነፋ የሚወስደው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አስረኛ ያነሰ ነው። ይህን ያህል ፈጣን ሥራ የሚጠበቅበት መስመር አንድ ቦታ ላይ ላላ ወይም ሻከረ ማለት፣ በዚያች ቅጽበት ትእዛዙ ላይደርስ ይችላል ማለት ነው።

ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ መብራቱን ለ6 ሰከንድ ያህል አብርቶ ራሱን ይመረምራል። ማቀጣጠያውን ሊያስነሳው የማይችል እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ በመስመሩ ይልክና ምን ያህል ተቃውሞ እንደገጠመው ይለካል። የማቀጣጠያው ተቃውሞ በአብዛኛው 2 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) አካባቢ ሲሆን፣ በመካከል ያሉት ሽቦዎችና ኮኔክተሮች (የሽቦ መሰኪያዎች) ሲጨመሩበት በጥቂቱ ከፍ ይላል። ልኬቱ ከተፈቀደለት ወሰን ሲወጣ መብራቱ ሳይጠፋ ይቀራል፣ ኮድም ይመዘገባል፤ በብዙ መኪኖች ላይም ኮምፒውተሩ ኤርባጉን እንዳይፈነዳ ሊያግደው ይችላል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩ የሚለካው ከእርሱ ተነስቶ ማቀጣጠያው ድረስ ደርሶ የሚመለሰውን መስመር በሙሉ በአንድነት ነው። ስለሆነም መስመሩ መታመሙን ይናገራል እንጂ የትኛው የመስመሩ ክፍል እንደታመመ ለይቶ ሊናገር አይችልም። «የሾፌር ኤርባግ» የሚል ኮድ አይተው ወዲያውኑ ከረጢቱን የሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ካወጡ በኋላ ያው መብራት ተመልሶ የሚበራባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮዱ ግን ከንቱ አይደለም፤ የብልሽቱን ዓይነት በሚገባ ይናገራል። በመንገዳችን ላይ በብዛት በሚታዩት የቶዮታ ሥሪቶች ላይ የሾፌሩን መስመር የሚመለከቱት ኮዶች አራት ናቸው። በቆዩት ሞዴሎች ቢ 0100 ሁለቱ የማቀጣጠያው ሽቦዎች እርስ በርስ ሾርት አድርገዋል፣ ቢ 0101 መስመሩ ተበጥሷል ወይም ተከፍቷል፣ ቢ 0102 ሽቦው ከመኪናው ቦዲ ጋር ተነካክቷል፣ ቢ 0103 ደግሞ ሽቦው ከባትሪ ፖዘቲቭ ጋር ተነካክቷል ማለት ነው። በኋላ በወጡት ሞዴሎች ይኸው ቅደም ተከተል ቢ 1800፣ ቢ 1801፣ ቢ 1802 እና ቢ 1803 ሆኗል። በሌሎች ፋብሪካዎች መኪኖች ላይ ቢ 0001 የሚለው ኮድ የሾፌሩን የፊት ኤርባግ የመጀመሪያ ደረጃ መስመር ያመለክታል፤ ከእርሱ ጎን የሚከተለው ተጨማሪ ቁጥር ብልሽቱ መበጠስ ይሁን ሾርት ይለያል። «ኤርባግ ነው» ብሎ ብቻ የሚያሰናብት ምርመራ ስለዚህ ግማሽ ምርመራ ነው። ባለመኪናው ሙሉውን ኮድ ከነተጨማሪ ቁጥሩ በወረቀት ላይ አስጽፎ ሊይዝ ይገባዋል፤ ኮዱ አሁን ያለ ብልሽት መሆኑና ቀድሞ ተከስቶ የተመዘገበ መሆኑም አብሮ መጻፍ አለበት።

በእጅ የሚያዙት ርካሽ የኮድ ማንበቢያዎች የሞተር ኮድ ብቻ ስለሚያነቡ «ምንም ኮድ የለም» ብለው ሊያሳስቱ ይችላሉ፤ የኤርባግ ኮምፒውተር ጋ የሚደርስ ስካነር ያስፈልጋል። ስካነር በማይገኝበት ቦታ በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ከመሪው ስር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት 4ኛውንና 13ኛውን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን በመክፈት መብራቱ በብልጭታ ኮዱን እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል፤ መጀመሪያ የአሥር ቤቱን፣ አጭር ፋታ ሰጥቶ የአንድ ቤቱን ይቆጥራል። 13 ከቆጠረ ሾርት፣ 14 ከቆጠረ ብጥስ ነው። 16ኛው ቀዳዳ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ስላለበት ቀዳዳ መሳሳት ሌላ ብልሽት ያመጣልና ቁጥሩን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ባይነካው ይሻላል።

ወደ ብልሽቱ ፍለጋ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። «አብሽር፣ መብራቱን እናጠፋልሃለን» የሚል ቃል በየቦታው ይሰማል። ሦስት መንገዶች አሉ፦ አምፖሉን ከዳሽቦርዱ መንቀል፣ ሽቦውን ከዘይት ወይም ከባትሪ መብራት ጋር ቀጥሎ አብሮ እንዲጠፋ ማድረግ፣ ወይም ከረጢቱ በሌለበት መስመር ላይ 2 ኦም የሆነ ሪዚስተር (ልክ እንደ ማቀጣጠያው ተቃውሞ ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ) አስሮ ኮምፒውተሩ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ እንዲያምን ማድረግ። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም መብራቱ ልክ እንደ ጤነኛ መኪና በርቶ ይጠፋል፣ ስካነሩም ምንም አያገኝም፣ ሾፌሩ ግን ፊቱ ያለው ባዶ ሽፋን ነው። መኪና የሚገዛ ሰው ቁልፉን ከፍቶ መብራቱ መብራቱንና ከ6 ሰከንድ ገደማ በኋላ ብቻውን መጥፋቱን ማየት አለበት። ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው፤ ከዘይቱ መብራት ጋር እኩል ከጠፋም መነካካቱ ያጠራጥራል። የመሪው መሃል ሽፋን ቀለሙ ከዳሽቦርዱ የተለየ ከሆነ፣ ጠርዙ በማጣበቂያ የተያዘ ከመሰለ ወይም የመኪናው የፊት ክፍል ተመትቶ የተሠራ መሆኑ ከታወቀ፣ መሪው ተከፍቶ ከረጢቱ በዓይን እስኪታይ ድረስ ባይታመን ይመረጣል።

ትክክለኛው ፍለጋ የሚጀምረው ከባትሪው ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የኮምፒውተሩ መጋቢ ኤሌክትሪክ ሲወርድ መብራቱ ይበራል፣ ኮድ ግን አይመዘገብም። ስለዚህ መብራት በርቶ ኮድ ከታጣ መጀመሪያ የሚለካው የባትሪው ጉልበትና የዲናሞው ቻርጅ ነው፤ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ 14 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይገባል። ቀጥሎ ባለመኪናው ይጠየቃል፦ በቅርቡ መሪው ተፈትቶ ነበር? ሬዲዮ ተገጥሟል? ክላክሱ ይሠራል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ፍንጭ ነው፤ የክላክሱ ሽቦ በብዙ መኪኖች ላይ በዚያው ስፓይራል ኬብል ውስጥ ስለሚያልፍ፣ የኤርባግ መብራት በርቶ ክላክሱም እምቢ ካለ ጥርጣሬው ከሞላ ጎደል ወደ ኬብሉ ያዘነብላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሚፈነዳ ነገር መንካት ስለሆነ ለችኮላ ቦታ የለውም። ቁልፉ ይዘጋል፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ከዚያም ይጠበቃል። በኤርባጉ ኮምፒውተር ውስጥ በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢቆረጥ እንኳ ከረጢቱን ማስነሳት የሚችል ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ስላለ፣ ባትሪው እንደተነቀለ ወዲያውኑ መሪውን መክፈት አደገኛ ነው። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ፣ ሌሎች ፋብሪካዎች 3 ደቂቃ መጠበቅን ያዝዛሉ፤ እኔ 10 ደቂቃ መጠበቅን እመርጣለሁ፣ ማንም በ10 ደቂቃ አይከስርምና። የኤርባግ ሽቦዎችና ኮኔክተሮች ብዙውን ጊዜ በቢጫ ቀለም የሚታወቁ ሲሆን፣ በቢጫው መስመር ላይ የኤሌክትሪክ መፈተሻ አምፖል ፈጽሞ አይነካም። ማልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በራሱ በኤርባጉ ጫፍ ላይ አድርጎ ተቃውሞውን መለካትም ፋብሪካዎች የሚከለክሉት ነው፤ ከመለኪያው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ማቀጣጠያውን ሊያስነሳው ይችላል በሚል ፍርሃት ነው፤ የሚያስፈነዳው ኤሌክትሪክ ከአንድ አምፔር ብዙም አይበልጥም። ከረጢቱ በመሪው ጎን ካሉት ቡሎኖች ወይም መቀርቀሪያዎች ሲለቀቅ ሽፋኑ ከሰውነት ወደ ውጭ እንዲዞር ተደርጎ ይያዛል፣ ጠረጴዛ ላይም ሽፋኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። ሽፋኑ ወደ ታች ሆኖ ቢፈነዳ የብረቱን ክፍል ወደ ጣሪያ ይወረውረዋል።

ታዲያ ኤርባጉን ሳይለኩ ጤንነቱን እንዴት ማወቅ ይቻላል? መልሱ መተካት ነው። ከላይ ለማታለያ የዋለው ያው 2 ኦም ሪዚስተር እዚህ ላይ ለቅን ሥራ ይውላል። ከረጢቱ ከተነቀለ በኋላ በእርሱ ቦታ ሪዚስተሩ በኮኔክተሩ ላይ በአግባቡ ይሰካል፣ ባትሪው ይመለሳል፣ ቁልፉ ይከፈታል፣ የቆየው ኮድ ተደምስሶ ይታያል። ኮዱ ካልተመለሰ ችግሩ በከረጢቱ ወይም ከረጢቱ በሚሰካበት ጫፍ ላይ ነው። ኮዱ ከተመለሰ ከረጢቱ ከጥርጣሬ ነጻ ወጥቷል፤ ባትሪው እንደገና ተነቅሎ፣ ጊዜው እንደገና ተጠብቆ፣ ሪዚስተሩ አንድ እርምጃ ወደ ታች፣ ከስፓይራል ኬብሉ በታች ባለው ኮኔክተር ላይ ይሰካል። እዚያ ላይ ኮዱ ከጠፋ ጥፋተኛው ስፓይራል ኬብሉ ነው፤ እዚያም ካልጠፋ ከዳሽቦርዱ ስር ያለው ሽቦ ወይም ኮምፒውተሩ ይቀራል። ባለ ሁለት ደረጃ ኤርባግ (በሁለት እርከን የሚነፋ) ያላቸው መኪኖች ሁለት ማቀጣጠያና ሁለት ኮኔክተር ስላላቸው ኮዱ የሚናገርለት የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ጊዜ ይፈጃል፤ ሆኖም በግምት ከረጢት፣ ኬብልና ኮምፒውተር ተራ በተራ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። ምርመራው ሲያበቃ ሪዚስተሩ ወጥቶ ባለመኪናው ፊት መታየት አለበት።

በእኛ አካባቢ በዚህ መንገድ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋት ስፓይራል ኬብሉ ነው። ይህ ዕቃ በመሪው ስር የተቀመጠ ክብ የፕላስቲክ ቤት ሲሆን፣ በውስጡ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር የተጠቀለለ ጠፍጣፋና ስስ የሽቦ ጥብጣብ አለ። መሪው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ጥብጣቡ ይጠብቃል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይላላል፤ ከመሃሉ ወደ እያንዳንዱ ጎን ሁለት ዙር ተኩል ያህል የመዞር አቅም አለው። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሚኒባስ መሪው በየመታጠፊያው ሲጠቀለልና ሲፈታ ስለሚውል፣ ጥብጣቡ የሚደርስበት ድካም ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚነዳ መኪና እንደሚበዛ አምናለሁ። የተበላሸውን ቤት ከፍቶ ጥብጣቡን በጥንቃቄ ለዘረጋው ሰው ጉዳቱ በዓይን ይታያል፦ ጥብጣቡ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግልጹ ፕላስቲክ ነጭ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ በውስጡ ካሉት ቀያይ የመዳብ መስመሮችም አንዱ ፀጉር በምታህል ክፍተት ተለያይቶ ይገኛል። ያ ክፍተት መሪው ቀጥ ሲል ይገጥማል፣ ሲታጠፍ ይከፈታል፤ መብራቱ መታጠፊያ ላይ በርቶ ሜዳ ላይ የሚጠፋበት፣ ጋራዥ ሲደርስም «አሁን የለም» የሚባልበት ምስጢር ይኸው ነው። ስለዚህ ኬብሉ የሚለካው ሁለቱም ጫፎቹ ተነቅለው፣ አንዱ ሰው ቤቱን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ እያዞረ ሌላው ቁጥሩን እየተመለከተ ነው፤ ጤነኛ መስመር ከ1 ኦም በታች ሆኖ ሳይዘል ይቆያል።

እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያኖችን የሚያሳስት ነገር አለ። በብዙ የኤርባግ ኮኔክተሮች ውስጥ ሶኬቱ ሲነቀል ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ የምታገናኝ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። የተሠራችው ልብስና የመቀመጫ ጨርቅ ሲፋተጉ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ከረጢቱን እንዳያስነሳው ነው። የተነቀለ ኮኔክተር ላይ የሚለካ ሰው «ሁለቱ ሽቦዎች ሾርት አድርገዋል» ብሎ ጤነኛ ኬብል ሊጥል ይችላል። ምላሷ ከተጣመመች ወይም ኮኔክተሩ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቆለፊያው ጠቅ ካላለ ደግሞ፣ ተሰክቶ እያለ እንኳ ምላሷ ሳትነሳ ትቀርና እውነተኛ የሾርት ኮድ ታመጣለች። የሾርት ኮድ ሲወጣ ገና ምንም ሳይገዛ ኮኔክተሩን ነቅሎ፣ ጫፎቹን አይቶ፣ አቧራውን በኮንታክት ማጽጃ አንስቶ፣ እስኪቆለፍ መልሶ መሰካት አንዳንዴ ብቻውን መድኃኒት ነው።

የተበጠሰ ጥብጣብ አይቀጠልም፣ አይበየድም፤ ኬብሉ በሙሉ ይቀየራል። ያገለገለ ኬብል ሲገዛ ከመኪናው ከወጣ በኋላ ማንም አሽከርክሮት ሊሆን ስለሚችል በተገኘበት ሁኔታ አይገጠምም። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ ቤቱ በእጅ ቀስ ተብሎ እስኪጠብቅ ድረስ ይዞራል፣ ከዚያም ሁለት ዙር ተኩል ያህል ተመልሶ በላዩ ያሉት ሁለት ምልክቶች እንዲገጥሙ ይደረጋል፤ አቅጣጫውና የዙሩ ቁጥር እንደየመኪናው ስለሚለያይ በቤቱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። ይህ ማዕከል ካልተጠበቀ መሪው ሙሉ ለሙሉ ሲታጠፍ ጥብጣቡ ተወጥሮ ይበጠሳል፣ አዲሱ ዕቃም በመጀመሪያው ጠባብ መታጠፊያ ላይ ያልቃል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የመሪው ፍሬ በ50 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ)፣ የከረጢቱ ቡሎኖች በ8.8 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ከዳሽቦርድ ስር ያለው ቢጫ ሽቦ ተልጦ ከተገኘ በፕላስተር ተጠቅልሎ አይታለፍም፤ ክፍሉ ይቀየራል።

ጥፋተኛው ራሱ ከረጢቱ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ ይከብዳል። ከአደጋ መኪና የወጣ ከረጢት የት እንደከረመ አይታወቅም፤ አንድ ጊዜ ፈንድቶ ሽፋኑ ብቻ የተሰፋም በገበያ አለ። ከዚህም ሌላ የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው ከረጢቶች ጉዳይ አለ። ኬሚካላቸው አሞኒየም ናይትሬት ሆኖ በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ሲቆይ ስለሚበላሽ፣ ሲፈነዱ የብረት ጣሳው ተሰባብሮ ስብርባሪውን ወደ ሾፌሩ ሊረጭ ይችላል። ቶዮታን፣ ሆንዳንና ኒሳንን ጨምሮ የብዙ ፋብሪካዎች መኪኖች በዓለም ዙሪያ በዚህ ምክንያት ከረጢታቸው እንዲቀየር በፋብሪካዎቹ ተጠርተዋል፤ ኩባንያውም በ2017 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ጥበቃ አመልክቷል። ይህ ጉድለት መብራት አያበራም፣ ኮድም አያወጣም። ከሞቃት የባሕረ ሰላጤ አገሮች የመጣ፣ ወይም ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ ቆላ የሚመላለስ የቆየ መኪና ያለው ሰው የሻንሲ ቁጥሩን በፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ቢያጣራ ከማንኛውም ስካነር የማያገኘውን መልስ ያገኛል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ኤርባጋቸው የሚሠራው በዚያው በትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ስለሆነ የምርመራው አካሄድ አይለወጥም። የሚጨመረው፣ በብርቱካናማ ቀለም የተሸፈኑት ወፍራም ገመዶች ከፍተኛ ቮልት የተሸከሙ መሆናቸውን ማወቅና አለመንካት ነው።

ሥራው ሲጠናቀቅ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናው ውስጥ ሰው ሳይኖር ሲሆን፣ ቁልፉም የሚከፈተው ከመሪው ፊት ገለል ብሎ ነው። መብራቱ በርቶ ከጠፋ በኋላ መሪው ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ይዞራል፣ ክላክሱ በየአቅጣጫው ይሞከራል፣ ከዚያም መኪናው መታጠፊያ ባለበት መንገድ ተነድቶ ኮዱ እንደገና ይነበባል። የወጣው አሮጌ ከረጢት ያልፈነዳ እስከሆነ ድረስ የማቀጣጠያ ኃይሉ እንዳለ ነው፤ ልጆች ከማይደርሱበት፣ ከብየዳና ከእሳት ከራቀ ደረቅ ቦታ ሽፋኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ ከቁራሌው ብረት ጋር አይሸጥም፣ ቆሻሻ ውስጥም ተጥሎ አይቃጠልም።